ዮዲት ጉዲትን ለክርክር ከመጥራታችን በፊት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል፤ የቸኮላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እዚህ ፌስቡክ ላይ በየጥቂት ወሩ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። አንዱ ዮዲት ጉዲትን ያነሣል። ሌላው «አይሁዳዊት ነበረች» ይላል፤ ሦስተኛው «አገው ናት» ይላል፤ አራተኛው «ከደቡብ የመጣች የዳሞት ንግሥት ናት» ይላል፤ አምስተኛው «ጭራሽ አልነበረችም፣ የደብተራ ፈጠራ ናት» ብሎ ይዘጋዋል። ሃምሳኛው ኮሜንት ላይ ስንደርስ ንግሥቲቱ ተረስታ የዛሬ ብሔርና የዛሬ ሃይማኖት መሰዳደብ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን «ይህን የሚለው ምንጭ የቱ ነው? መቼ ተጻፈ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ አይገኝም።

የምለው ነገር አጭር ነው። ከአክሱም መዳከም እስከ ዛጉዌ መነሣት ያለው ጊዜ፣ በግርድፉ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንድ የታሪክ ተማሪ ሙያውን ከሥሩ የሚማርበት ዘመን ነው። እኔ ባየሁት ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንድ ክፍለ ጊዜ ዘለውት ያልፋሉ። እኛ የዘለልነውን ቦታ ደግሞ ጯሂ ሞልቶታል።

እስቲ ከራሷ ከንግሥቲቱ እንጀምር።

ለዘመኗ ቅርብ የሆኑና ስለ እሷ ይናገራሉ ተብለው የሚወሰዱት ጽሑፎች ሁለት ናቸው። ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ሁለቱንም ዛሬ የምናገኛቸው በአረብኛ ነው።

የመጀመሪያው የኢብን ሐውቀል ነው። ይህ ሰው በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ተጓዥና የጂኦግራፊ ጸሐፊ ነው። በ970ዎቹ ባጠናቀቀው መጽሐፉ ውስጥ የሐበሻን አገር ሠላሳ ዓመት ገደማ አንዲት ሴት እየገዛች እንደሆነ ይነግረናል። «ሐዳኒ» የሚባለውን ንጉሥ ገድላ የእሱንም የራሷንም አገር ይዛለች ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጥቂት መስመር።

ሁለተኛው «የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ» የሚባለው የግብፅ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። ከ979 እስከ 1003 በመንበሩ የነበሩትን የፓትርያርክ ፊሎቴዎስን ዘመን ሲተርክ አንድ ደብዳቤ ያነሣል። የሐበሻ ንጉሥ ለኖብያው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው ነው። አንዲት ንግሥት ተነሥታብኛለች፣ ከተሞች አቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናት አፈረሰች፣ እኔንም ከቦታ ቦታ አሳደደችኝ ይላል። ይህ መዓት የመጣብን ቀደም ሲል በጳጳሱ ላይ በተፈጸመው በደል ነውና ከፓትርያርኩ ጋር አማልደኝ፣ ጳጳስ ይላክልን ብሎ ይማጸናል። ፓትርያርኩም ዳንኤል የሚባል መነኩሴ ሾመው ላኩ።

አሁን የሌለውን እንቁጠር። ስሟ በሁለቱም ላይ የለም። ይሁዲ ናት የሚል ቃል በሁለቱም ላይ የለም። የግብፁ መጽሐፍ ከየትኞቹ ሰዎች እንደሆነች ይጠቅሳል፤ ግን እዚያው ላይ ችግር አለ። ቃሉ በእጅ ጽሑፉ ላይ «አል-ሐምዊያ» ተብሎ ይነበባል። እንዲህ የሚባል ሕዝብ ደግሞ ማንም አያውቅም። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ «ገልባጩ ተሳስቶ ይሆናል፣ አል-ዳሙታ ለማለት ነው» አለ። ዳሞት ማለት ነው። በአረብኛ ፊደል በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል ቅርጽና የሁለት ነጥቦች ቦታ ነው፤ ነጥቦቹ ከሥር ከሆኑ «የ»፣ ከላይ ከሆኑ «ተ» ይሆናል።

ልብ በሉ። ያ «የዳሞት ንግሥት ናት» ብሎ ኮሜንት ላይ የሚምለው ሰው የሚምለው በሁለት ነጥብ ነው። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ብዙ ምሁር በቁም ነገር ይዞታል። ግን ግምት ነው፤ የተገኘው በእርማት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል።

«ታዲያ የእኛ አባቶች የነገሩን ውሸት ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ጉዲት፣ እሳቶ፣ ዮዲት እያሉ የሚጠሯት ትውፊቶች አሉን፤ አርባ ዓመት ገዛች ይላሉ። በጽሑፍ የምናገኛቸው ግን ዘግይተው ነው። የታሪክ ተማሪ ትውፊትን አይጥልም፣ እንዳለም አይውጥም፤ ያመዛዝናል። አንድ የአረብ ተጓዥ፣ አንድ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊና የሰሜን ኢትዮጵያ ትውፊት ስለ አንዲት ኃያል ሴት፣ ስለ ንጉሥ መውደቅና ስለ ጥፋት ሲናገሩ፣ «አልነበረችም» ለማለት በጣም ይከብዳል። ስለ ዘሯና ስለ ሃይማኖቷ ግን በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያበቃ ነገር የለንም። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1972 ስለዚሁ ጉዳይ ያሳተሙት ጥናት ርእሱ «የጉዲት ችግር» የሚል ነበር። ችግር ነው ያሉት። ሃምሳ ዓመት አልፎ እኛ «መልስ» እያልን እንጣላበታለን።

ስለ «ሐዳኒ» ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ነው። ኢብን ሐውቀል የንጉሡን ስም ነው ብሎ ያሰበ ይመስላል። አረብኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው አብሮት ያልፋል። ግእዝ የሚያውቅ ሰው ግን ቆም ይላል፤ ምክንያቱም አክሱም ውስጥ ድንጋይ ላይ «ሐፃኒ ዳንኤል» የሚባል ሰው ያስቀረጻቸው ጽሑፎች አሉ። ከአክሱም ገናናነት በኋላ የተቀረጹ ናቸው፤ ትክክለኛ ዘመናቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። «ሐፃኒ» ማዕረግ ነው። ብዙ ሊቃውንት በኋላ የመጣውን «ሐፄ» ወይም «አፄ»ን ከዚሁ ያገናኙታል። የአረቡ «ሐዳኒ» እና የድንጋዩ «ሐፃኒ» አንድ ናቸው። በዚያ ድንጋይ ላይ ዳንኤል ስለ ዘመቻዎቹ ይናገራል፤ የአክሱምን ንጉሥም እንዳስገበረ ይገልጻል። እንግዲህ አስቡት፦ ትልቁን ኃይል የያዘው ሰው «ንጉሥ» ሳይሆን «ሐፃኒ» ነው፤ የአክሱም ንጉሥ የሚባለው ደግሞ ገባሪ ሆኗል። አንድ ቃል ላይ ሁለት ቋንቋ ሲገናኝ የአንድ ዘመን የሥልጣን ቅርጽ ብልጭ ይላል።

የዚህን ዘመን ትምህርት የምወደው ለዚህ ነው። የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ፋይል ይበዛበታል፤ ችግሩ ከብዛቱ መምረጥ ነው። የ10ኛውን ክፍለ ዘመን የሚያጠና ተማሪ ግን ጥቂት መስመሮች ይዞ ይቀመጣል። ማን ጻፈው? ለማን? ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? በየትኛው ቋንቋ? ማን ገለበጠው? ከስንት ዓመት በኋላ? እነዚህን ሳይጠይቅ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እስከዚህ አውቃለሁ፣ ከዚህ በኋላ አላውቅም» ማለትን ይማራል። ይህን ዓረፍተ ነገር በአደባባይ የሚናገር ሰው ዛሬ ስንት እናውቃለን?

አውሮፓውያንም ተመሳሳይ ዘመን አላቸው። ሮም ከወደቀች በኋላ ያለውን፣ ከ500 እስከ 1000 ገደማ ያለውን ጊዜ ለረጅም ጊዜ «የጨለማ ዘመን» ሲሉት ኖሩ። የጨለማውን ምሳሌ ቀድመው ካነሡት አንዱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ ነው፤ ዓይኑ ሮም ላይ ስለነበር ከሮም ወዲህ ያለው ሁሉ ጠቆረበት። ዛሬ ግን የሙያው ሰዎች ቃሉን ይሸሹታል። ለምን? ሰዎች ቁጭ ብለው ስላነበቡና ስለቆፈሩ ነው። መነኩሴው ቤዳ በ731 የጨረሰውን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በላቲን መስመር በመስመር መረመሩት። በ1939 ሳተን ሁ በሚባል ቦታ ከአፈር ጉብታ ሥር አንድ ሙሉ መርከብ ያለበት መቃብር ተገኘ፤ ውስጡ ከቢዛንታይን የመጡ የብር ዕቃዎች ነበሩ። «ጨለማ» የተባለው አገር እስከ ምሥራቅ ሜዲትራንያን ድረስ ግንኙነት ነበረው ማለት ነው። በዚህ ዘመን ላይ መመራመር የሚፈልግ የእንግሊዝ ተማሪ ላቲን ይማራል፣ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ይማራል፣ የቁፋሮ ዘገባ ማንበብ ይማራል። «ምንጭ የለም» ተብሎ አይሸኝም።

የእኛስ ዘመን ባዶ ነው? እስቲ ጥቂቱን ልጥራ።

የአባ ገሪማ ወንጌሎች አሉ። ቀድሞ በርካታ ምሁራን በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተጻፉ ናቸው ይሉ ነበር። ብራናው በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ ውጤት ሰጠ። አንድ የላቦራቶሪ ምርመራ የመጻሕፍት ታሪካችንን አምስት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ገፋው።

ትግራይ ውስጥ ዑራ መስቀል ከሚባል ቤተ ክርስቲያን የተገኘ አንድ ጥንታዊ የግእዝ ጥራዝ አለ። ሊቃውንት «የአክሱም ስብስብ» ይሉታል። በአክሱም ዘመን ከግሪክ የተተረጎሙ ጽሑፎችን ይዟል። ከእነሱ አንዱ፣ የእስክንድርያ መንበረ ጵጵስና ታሪክ፣ በግሪክ ጠፍቶ በግእዝ የተረፈ ነው። የግሪክን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያጠና ሰው ግእዝ ይማር ዘንድ ግድ ሆነበት ማለት ነው።

ደብረ ዳሞ ላይ የአረብ ሳንቲሞችና ከግብፅ የመጡ ጨርቆች ተገኝተዋል። ከመቀሌ ብዙም ሳይርቅ ኲሐ አጠገብ ቢለት በሚባል ቦታ ደግሞ በአረብኛ የተጻፉ የሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድንጋዮቹ የሟቾችን ስምና ቀን ይዘዋል። በክርስቲያኑ ደጋ መሀል ሙስሊሞች ኖረዋል፣ ሞተዋል፣ በክብር ተቀብረዋል። ይህ «ያ ዘመን የከበባና የጦርነት ብቻ ነበር» ለሚሉትም፣ «እስልምና ደጋው ላይ ትናንት ነው የመጣው» ለሚሉትም የማይመች ድንጋይ ነው።

አል-ያዕቁቢ የሚባለው የ9ኛው ክፍለ ዘመን የአረብ ጸሐፊ የሐበሻው ንጉሥ መዲና «ኩዕባር» ትባላለች ይለናል። ከተማዋ የት እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንድ ሙሉ መዲና ጠፍቶብን ተቀምጠናል፤ የሚፈልጋት ወጣት ግን ስንት ነው?

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ልምጣ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚወስደው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ ከሰው ዘር አመጣጥ ተነሥቶ እስከ ቅርቡ ዘመን በአንድ ሴሚስተር ይጋልባል። በዚያ ፍጥነት አምስት መቶ ዓመት በሦስት ዓረፍተ ነገር ማለፉ አይገርምም፦ አክሱም ተዳከመ፣ ጉዲት አጠፋች፣ ዛጉዌ መጣ። የሚያሳዝነው ታሪክን ዋና ትምህርቱ ያደረገው ልጅም ከዚህ ብዙ ሳይርቅ መመረቁ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ዘመን ልሥራ ቢል «ምንጭ አታገኝም፣ ቋንቋውንም አትችልም፣ የወረዳህን አስተዳደር ታሪክ ከ1941 ወዲህ ሥራ» ይባላል። መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጊዜ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ተማሪውም ቋንቋውን አልተማረም። ግን እንዲህ እያልን አንድ ትውልድ አለፈ።

የማይገባኝ ይኸኛው ነው፦ ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ በዚህ አገር ሞልቷል! ጎጃምና ጎንደር የቅኔ ቤት ያሳለፈ፣ ግእዙን አገላብጦ የሚያውቅ የቆሎ ተማሪ አለ። ወሎ ውስጥ ነሕዉን ከሸኹ እግር ሥር ተቀምጦ የቀራ፣ የአረብኛ ኪታብ ያለ መዝገበ ቃላት የሚያነብ ደረሳ አለ። በሌላው ዓለም አንድ ተማሪ ብዙ ዓመት ለፍቶ የሚያገኘውን እነዚህ ልጆች ይዘው ነው የሚያድጉት። የታሪክ ትምህርት ክፍል ግን አይፈልጋቸውም፤ እነሱም ዕውቀታቸው እዚያ እንደሚጠቅም የነገራቸው የለም። እነዚህን ሁለት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጧቸው። አንዱ የሐፃኒ ዳንኤልን ድንጋይ ያንብብ፣ አንዱ ኢብን ሐውቀልን ያንብብ፤ ከዚያ «ሐዳኒ» እና «ሐፃኒ» ላይ ይገናኙ። ስለ ዮዲት ጉዲት ፌስቡክ ላይ ከሚሰዳደቡት ከእነዚህ ሁለት ልጆች የትኛውን ነው አገር የምትፈልገው?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው። ታሪክን ዋና ትምህርቱ ላደረገ ተማሪ ግእዝ ወይም አረብኛ ለሁለት ዓመት ግዴታ ይሁን። ቋንቋውን ከአብነት ወይም ከመድረሳ ይዞ የመጣ ተፈትኖ ይለፍ፣ ሌላኛውን ይማር። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ደግሞ አንድ ምንጭ ብቻ ይነበብ፤ ለምሳሌ ያ የግብፅ መጽሐፍ ስለ እኛ የሚናገርባቸው ገጾች። ሃያ ገጽ በደንብ ያነበበ ተማሪ ስምንት መቶ ዓመት በስላይድ ካየው ይበልጣል። የታሪክ ተማሪ የአርኪዮሎጂ ክፍል ገብቶ የካርቦን ምርመራ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን ከአንድ ዓመት ይልቅ የዓመታት ክልል እንደሚሰጥ ይማር። ስለ ኖብያም ይማር፤ በጭንቃችን ጊዜ የጻፍንለትን ጎረቤት አለማወቅ ነውር ነው።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ ሥራ የለውም» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ታሪክ ተምሮ ሀብታም የሆነ ሰው አላውቅም። ልጄ ምን ትብላ የሚል ወላጅ ላይ አልፈርድም። ግን ምንጭን መመዘን የለመደ ሰው ጋዜጠኛ ቢሆን፣ ጠበቃ ቢሆን፣ ሙዚየም ቢገባ፣ አስጎብኚ ቢሆን ይጠቅመዋል። ላሊበላ ቆሞ ለእንግዳ የሚናገር አስጎብኚ «ይህ ትውፊት ነው፣ ይህ ደግሞ በጽሑፍ የተገኘ ነው» ብሎ ቢለይ እንግዳው የበለጠ ያከብረዋል።

«የቅርቡ ታሪካችን አልጠራም፣ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ቅንጦት ነው» የሚልም አለ። ለዚህ መልሴ እንዲህ ነው፦ የዛሬ ጠብ የሚቀጣጠለው በሩቁ ዘመን እንጨት ነው። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ፣ ዙፋኑ የማን ነበር የሚለው ሁሉ ከዚያ ጨለማ ከተባለው ቦታ ነው የሚቀዳው። ማንም ስለማያየው ሁሉም የፈለገውን ይቀዳል። የተማረ ሰው እዚያ ቢቆም ቢያንስ «ይኼ እዚህ አልተጻፈም» ይላል።

ጊዜም እየሄደብን ነው። በቅርቡ ጦርነት ብራናዎችና ቅርሶች ተጎድተዋል፣ ተዘርፈዋል። የአንድ ብራና ዘመን ከፊደሉ ቅርጽ መለየት የሚችል ሰው የሌላት አገር የተዘረፈባትን እንኳ ቆጥራ አትጠይቅም። ሌላው ዓለም ግን አልተኛም፤ በሃምቡርግ ግእዝ ለረጅም ጊዜ ሲጠና ኖሯል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊኬንድ) በ2016 ከሰጠው 50 ሺህ ዶላር በኋላ በ2017 ግእዝ ማስተማር ጀምሯል። ደስ ይላል፤ ይበሉ። እኛ ደግሞ ከእነሱ ጋር እኩል ቁጭ ብለን የምናነብ እንሁን።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲው እስኪለወጥ አትጠብቁ። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች አሉ። ቅጂዎቻቸው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነሱን አንብቦ ለመመዝገብ ነው። ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። አብዛኞቹ ከዚህ ዘመን በኋላ የተገለበጡ ናቸው፤ ዓይን የሚለምደው ግን በእነሱ ነው። ግእዝ የምታውቁ በቀን አንድ ገጽ አንብቡ። አረብኛ የቀራችሁ ኢብን ሐውቀልን ፈልጋችሁ ስለ ሐበሻ ያለውን ራሳችሁ አንብቡና እዚህ ንገሩን።

በሚቀጥለው ጊዜ ዮዲት ጉዲት ስትነሣ ደግሞ ከመቆጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? በምን ቋንቋ? መልስ ካልተገኘ ኮሜንቱን ዝለሉት።

በመምህርነት ላይ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ጋ ይህ ዘመን እንዴት እየተሰጠ እንደሆነ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። የማትስማሙም ጻፉ፤ ስድብ ካልሆነ ሁሉንም አነባለሁ።

ቸር እንሰንብት።